የ2020 ማክቡክ ሲገዙ ፕሮሰሰሩን እንዴት ይለያሉ?

አፕል በ2020 ማክቡክ ኤር የተባለውን ላፕቶፕ ሁለት ጊዜ ለገበያ አቅርቧል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በማርች የወጣው የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያከናውን ዋና ቺፕ) ያለው ሲሆን፣ በኖቬምበር የወጣው ግን ኩባንያው ራሱ የነደፈውን ኤም1 የተባለ ቺፕ ይዟል። ሁለቱም ባለ13 ኢንች ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩም ለመለየት ያስቸግራሉ። ስለዚህ ሻጩ «የ2020 ማክቡክ ኤር ነው» ሲልዎ እውነቱን ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን ዋናውን ነገር ገና አላወቁም።

ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። አፕል ከ2006 ጀምሮ ማክ ኮምፒውተሮቹን በኢንቴል ፕሮሰሰር ሲሠራ ቆይቶ፣ በጁን 2020 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ ኩባንያው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ራሱ ቺፕ እንደሚሸጋገር አስታወቀ። ውሳኔው ድንገተኛ አልነበረም፤ ኩባንያው በ2008 ፒኤ ሴሚ የተባለውን የቺፕ ነዳፊ ድርጅት ገዝቶ፣ ከ2010 ጀምሮ ለአይፓድና ለአይፎን የሚሆኑ ቺፖችን ሲነድፍ ልምድ አካብቷል። በታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ የተመረተው ኤም1፣ 16 ቢሊዮን ትራንዚስተሮች (ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ሲኖሩት፣ ዋናው ፕሮሰሰርና የግራፊክስ ክፍሉ በአንድ ቺፕ ላይ ተሠርተው ራሙን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚያስቀምጥበትን ክፍል) በጋራ ይጠቀማሉ። ለገዢ የሚታየው ውጤት ኤም1 ማክቡክ ኤር ማቀዝቀዣ ፋን የሌለው መሆኑና ባትሪው ረጅም ሰዓት መቆየቱ ነው፤ በኩባንያው መግለጫ መሠረት ኢንተርኔት ለመጠቀም የኢንቴሉ እስከ 11 ሰዓት፣ የኤም1ዱ ደግሞ እስከ 15 ሰዓት ይሠራል።

ወደ መለያው ስንመጣ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን የቁልፍ ሰሌዳውን በማየት መጀመር ይቻላል። በኤም1 ማክቡክ ኤር ላይ ከታች በግራ ጥግ ባለው የኤፍኤን ቁልፍ ላይ ትንሽ የሉል ምልክት ታትሟል፤ ከላይኛው ረድፍ ደግሞ ኤፍ5 የማይክሮፎን፣ ኤፍ6 የጨረቃ ምልክት አላቸው። በኢንቴሉ ላይ እነዚሁ ሁለት ቁልፎች የቁልፍ ሰሌዳውን መብራት የሚጨምሩና የሚቀንሱ ናቸው። ከዚያ ላፕቶፑን ገልብጠው በጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ያንብቡ፤ ኤ2179 ከሆነ ኢንቴል፣ ኤ2337 ከሆነ ኤም1 ነው። ባለ13 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮም በዚያው ዓመት በሁለቱም ዓይነት ስለወጣ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ የኤም1ዱ ቁጥር ኤ2338 ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ በስክሪኑ የላይኛው ግራ ጥግ ያለውን የፖም ምልክት ተጭኖ «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን መምረጥ ነው። በሚከፈተው መስኮት «ቺፕ» ተብሎ ኤም1 ከተጻፈ የአፕል፣ «ፕሮሰሰር» ተብሎ የኢንቴል ስም ከተከተለ ደግሞ የቀድሞው ዓይነት ነው። እዚያው ላይ የራሙን መጠን ሳያዩ አይለፉ፤ በኤም1ም ሆነ በ2020ው ኢንቴል ማክቡክ ኤር ላይ ራም ኋላ መጨመር አይቻልም። 8 ጊጋባይት ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን 16 ቢፈልግ ይሻላል።

በእኔ እምነት ኤም1 የተሻለ ግዢ ነው፤ ነገር ግን ይህ የሚሠራው የሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች ሲስማሙት ነው። ለኢንቴል ማክ የተጻፉ ፕሮግራሞች ሮዜታ 2 በተባለው ተርጓሚ አማካይነት በኤም1 ላይ ይሠራሉ፤ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲከፍቱ ኮምፒውተሩ ራሱ ሮዜታን ልጫን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ችግር የሚመጣው በዊንዶውስ ላይ ነው። በኢንቴል ማክ ላይ ቡት ካምፕ በተባለው መንገድ ዊንዶውስን ጭኖ ኮምፒውተሩን በቀጥታ በእርሱ ማስነሣት ይቻል ነበር፤ ይህ በአፕል ቺፕ ላይ የለም። እንደ ፓራለልስ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ለአርም (ኤም1 ለሚመደብበት የቺፕ ዓይነት) የተዘጋጀውን ዊንዶውስ 11 ማስኬድ ቢቻልም፣ ለተለመደው ዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም ሁሉ በዚያ ይሠራል ማለት አይደለም። እንግዲህ ፒችትሪን ለሚጠቀም የሒሳብ ባለሙያ ወይም በኢታብስ ለሚሠራ መሐንዲስ፣ ፕሮግራሙን በዚያ ዓይነት ማክ ላይ ሳይሞክር ገንዘብ እንዳይከፍል አጥብቄ እመክራለሁ።

በሌላ በኩል ኢንቴሉ ርካሽ ነው ብለው ከመወሰንዎ በፊት የሥርዓተ ክወናውን ዕድሜ ያስቡ። የ2020ው ኢንቴል ማክቡክ ኤር የሚቀበለው የመጨረሻ ማክ ኦኤስ 15ኛው፣ ሴኮያ ነው። በ2025 የወጣውን ማክ ኦኤስ 26 ኤም1ዱ ሲቀበል ኢንቴሉ አይቀበለውም፤ የሚቀበሉት ጥቂት ሌሎች የኢንቴል ማኮች ቢኖሩም፣ አፕል ይህ ሥርዓት ኢንቴልን የሚደግፍ የመጨረሻው እንደሚሆን አስታውቋል። ሮዜታም ቢሆን በሙሉ አገልግሎቱ የሚቆየው እስከ ማክ ኦኤስ 27 ድረስ እንደሆነ ተነግሯል፤ ስለዚህ ኤም1 የገዛም ሰው አሮጌ ፕሮግራሞቹን ቀስ በቀስ በአዲሶቹ ቅጂዎች ቢተካ ይበጀዋል።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። ከውጭ አገር በሰው በኩል የሚመጡ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንት ያልወጣባቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት የርቀት ቁጥጥር ሥር ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ሻጩ እርስዎ ባሉበት «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት ኤንድ ሴቲንግስ» በሚለው ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን መረጃ ሁሉ ይደምስስ፤ ከዚያም ከዋይፋይ ጋር አገናኝታችሁ እንደ አዲስ ማስጀመሪያውን እስከ መጨረሻው ይለፉ። በመሐል የሌላ ሰው የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ወይም «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ፣ ሻጩ እዚያው እስኪያስፈታው ድረስ ገንዘቡን አይስጡ።