ተማሪን በውጤት መደልደል፦ ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

መስከረም ሲጠባ በብዙ ትምህርት ቤት «ጎበዞቹ ኤ ሴክሽን፣ የቀሩት ወደ ታች» የሚል ድልድል ይወጣል። ድልድሉ ይጥቀም ይጉዳ የሚለየው ግን ከስም ዝርዝሩ በኋላ በሚደረገው ነው።

በካርድ አማካይ መመደብ። አማካይ ውጤቷ 68 የሆነ ተማሪ ሒሳብ 45፣ አማርኛ 91 ሊኖራት ይችላል። የትኛው ሴክሽን ትግባ? በየትምህርቱ ለይቶ መመደብ ይሻላል። ለዚህ ካለፈው ክፍል የተውጣጡ 10 አጫጭር ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ድምሩን ሳይሆን ማን የትኛውን እንደሳተ መዝግቡ። ክፍልፋይ ያልገባውና ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳው ልጅ እኩል 4 ቢያገኙም ችግራቸው ለየቅል ነው።

ዝቅተኛውን ሴክሽን ኖት ማስገልበጥ። ይኼኛውስ ትዕግሥት ያስጨርሳል። መምህሩ ኤ ሴክሽን ሲገባ «ለምን?» ይላል፤ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያስረዳል፣ ሁለት አሠራሮች ይነጻጸራሉ። ያው መምህር በዚያው ቀን ዲ ሴክሽን ሲገባ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ «ጻፉ!» ይላል። ክፍለ ጊዜው በግልበጣ ያልቃል። ዝም ስላሉም «ሥርዓት ያላቸው ልጆች» ተብለው ይመሰገናሉ! ፈተና ላይ ሲወድቁ ደግሞ «ድሮም ሰነፎች ናቸው»። ያልገባውን ለይቶ መጠየቅ፣ ስህተቱን ራሱ ፈልጎ ማረም፣ ያነበበውን በራሱ አነጋገር ማስረዳት በልምምድ ካልሆነ በዕድሜ አይመጣም፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ልምምዱን ተነፍገዋል። ቁጥሩን አቅልሉላቸው፣ ማሰቡን ግን አትቀንሱባቸው። 3/4 ይበልጣል ወይስ 2/3? እኩል የሆኑ ሁለት ወረቀቶች ወስደው አንዱን ለአራት፣ ሌላውን ለሦስት አጥፈው ያስተያዩ፤ ከዚያ ምክንያቱን አጠገባቸው ላለው ይንገሩ። ኖቱ ግማሽ ገጽ ይብቃው። በመጨረሻው 5 ደቂቃ እያንዳንዱ ያልገባውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ የነገው ትምህርት ከዚያ ይጀምር።

ለደካማው ሴክሽን የተረፈውን መምህር መስጠት። በምዕራብ ኬንያ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት በውጤት የተደለደሉት ሁለቱም ክፍሎች ተሻሽለዋል። መምህራኑ ግን ለክፍሎቹ የተመደቡት በዕጣ ነበር። ጥናቱን ለድልድል መከራከሪያ የሚያደርጉ ሰዎች ዕጣዋን ይዘሏታል።

መስከረም የገባ ሰኔ ድረስ እንዲቆይ ማድረግ። በየ6 ሳምንቱ ፈትናችሁ አቀያይሩ። ፕራታም የተባለው የህንድ የትምህርት ድርጅት ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉትን በንባብ አቅማቸው (ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ፣ ታሪክ) የሚመድበው ለቀኑ ከፊል ሰዓት ነው፤ በቀረው ጊዜ ልጆቹ መደበኛ ክፍላቸው ናቸው።

አንድ ለአምስትን መገልበጫ ማድረግ። መሪው ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። አብልጦ የሚማረው የሚያስረዳው ስለሆነ ጎበዙ ይበልጥ ይጎብዛል። ማስረዳቱን ለአምስቱ በተራ ስጡ፤ መሪው ይጠይቅ እንጂ አይመልስ።

ሒሳብ ሽሽት ሶሻል መግባት። አያመልጡም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ለናቹራሉም ለሶሻሉም አሉ። 11ኛ ክፍል ምርጫ ከመሞላቱ በፊት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤቱን በየትምህርቱ ከልጁ ጋር እዩ፤ ሒሳቡ ከደከመ ማጠናከሪያው በዚያው ክረምት ይጀመር፣ የትኛውንም ቢመርጥ።