ጣሪያ ስናጸዳ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ከድሬ ቆርቆሮ እስከ ጀጎል የአፈር ጣሪያ

አቦ፣ ጣሪያ ማጽዳት እንደዋዛ የሚገባበት ሥራ አይደለም። መሰላል ተውሶ፣ ሸበጥ እንዳደረገ፣ በአንድ እጁ መጥረጊያ ይዞ የሚወጣ ሰው ባየሁ ቁጥር እስኪወርድ ድረስ ልቤ ይንጠለጠላል። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ጣሪያ ትዝ የሚለን ደመና ሲያንዣብብ ነው፣ ስለዚህ ሁሌም በጥድፊያ ነው። ደግሞ ጣሪያችን አንድ ዓይነት አይደለም። ለቆርቆሮ የሚሆነው ለጀጎል የአፈር ጣሪያ ጥፋት ነው።

በማይሆን ሰዓት መውጣት

በግንቦትና በሰኔ የድሬ ቆርቆሮ በቀትር ምጣድ ነው። እጅ ያቃጥላል፣ የፕላስቲክ ጫማ ያለሰልሳል፣ ራስ ያዞራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀምሩና ከ3 ሰዓት በፊት ውረዱ። ሐረር ላይ ግን ሌላ ነው። ከተማዋ ከፍ ያለ ቦታ ስላለች ጠዋት ጤዛ ይኖራል፣ እርጥብ ቆርቆሮ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ፀሐይ እስኪያደርቀው ጠብቁ።

ከበርጫ ተነስቶ መውጣትም ይቅር። የመረቀነ ሰው ድካሙም ፍርሃቱም አይታወቀውም። ከሰዓት የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ከሆነ ለነገ ጠዋት ቅጠሩት።

ሚስማር የሌለበትን መርገጥ

ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። የሚሸከማችሁ ቆርቆሮው ሳይሆን ከሥሩ ያለው አግዳሚ እንጨት፣ ሞራሌው ነው። ሞራሌው የት እንዳለ የሚነግራችሁ ደግሞ የሚስማሩ መስመር ነው። እግራችሁ ሁሌም እሱን ይከተል። ከመስመር መስመር የሚደርስ ጣውላ አጋድማችሁ በላዩ ብትሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው። በተለይ ስስ ቆርቆሮ ከሆነ፤ ጌጅ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 32 ከ28 የሳሳ ነው፣ ገበያ ላይ ግን ብዙ ሰው ትልቁ ቁጥር የሚጠነክር ይመስለዋል። ከመውጣታችሁ በፊት ከታች ሆናችሁ እንጨቱን እዩ። ምስጥ የበላው ሞራሌ ከላይ አይታይም።

የአክስቴ ልጅ ገንደ ቆሬ ቤታቸውን ሲጠርግ ሚስማሩን እየተከተለ ነበር፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ችግሩ ማድ ቤቱ ላይ ለብርሃን ተብላ የገባችው ፕላስቲክ ነች። የዓመት አቧራ ስለጠጣች ከቆርቆሮው አትለይም ነበር። አንድ እግሩን አሳረፈ፣ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው ምድጃው አጠገብ መውደቁን ነው። እጁ ተሰብሮ ተረፈ። እሳት ያልነደደበት ሰዓት መሆኑ እግዜር ሲያወጣው ነው። አሁን እኔ ከመውጣቴ በፊት ቤት ውስጥ ገብቼ ብርሃን የሚያስገባውን ቦታ ሁሉ እቆጥራለሁ፣ ከላይ ደግሞ ዙሪያውን በኖራ ምልክት አደርግበታለሁ።

መብራቱን አጥፍቻለሁ ብሎ መተማመን

ብሬከሩን ማጥፋት ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ እናንተ ብታጠፉትም ኤሌክትሪክ አለው። ብዙ ቤት ደግሞ ይሄ ሽቦ በጣሪያው ጫፍ በኩል ነው የሚገባው። ነፋስ እያወዛወዘው ከቆርቆሮው ጋር ሲፋተግ ልባሱ ይላጣል፣ ያኔ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳን "አሸንዳው ነዘረኝ" ወይም "የልብስ ማስጫው ሽቦ ነዘረኝ" ብሎ የሚያውቅ ከሆነ በቃ፣ ማንም እንዳይወጣ። መብራት ኃይል ጥሩና መጥተው ያስተካክሉት። ሽቦ ባለበት በኩል የብረት መሰላል አታቁሙ፣ ውሃም አትርጩ።

ቆርቆሮን እንደ ድስት መፈተግ

በሽቦ ብሩሽና በበረኪና ማስለቀቅ የሚወድ ሰው አለ። ቆርቆሮው ያብረቀርቅለታል፣ ግን ከዝገት የሚከላከለውን የዚንክ ሽፋን አብሮ ነው የሚያነሳው። በሁለት ክረምት ቀይ ቀይ ማለት ይጀምራል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፣ ይሄንን በጭራሽ አትሞክሩት።

የኛ ጣሪያ ችግር አብዛኛው አቧራና ቅጠል ነው፤ ለስላሳ መጥረጊያ ይበቃዋል። ከላይ ከጫፉ ወደ ታች ጥረጉ። በውሃ ማጠብ ካስፈለገም ውሃው እንደ ዝናብ ከላይ ወደ ታች ይሂድ፣ ከታች ወደ ላይ በግፊት ከረጫችሁት በመደራረቢያው ሰርጎ ኮርኒሱን ያበላሻል። የዝናብ ውሃ በሮቶ የምታጠራቅሙ ደግሞ መጀመሪያ ቱቦውን ንቀሉት። የርግብ ኩስ ካለ በደረቁ አትጥረጉት፣ አርጥቡትና አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ቀይ አበባ ያለው "የድሬዳዋ ዛፍ" የሚባለው ግቢያችሁ ካለ አሸንዳውን ቶሎ ቶሎ እዩት። ቅጠሉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከአቧራ ጋር ተላቁጦ ጭቃ ይሆናል፣ ረጅሙ ፍሬው ደግሞ የቱቦው አፍ ላይ ይጋደማል። አሸንዳን ጣሪያ ላይ ተጎንብሳችሁ አታጽዱ። ከመሰላል ላይ ሆናችሁ፣ በጓንት፣ በእጅ እያወጣችሁ ባልዲ ውስጥ ጨምሩት። ተርብ ጎጆ ሠርቶ እንደሆነም አስቀድማችሁ አስተውሉ።

መሰላሉን በተመለከተ፦ ጣሪያው 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፣ ጫፉ ከጣሪያው 1 ሜትር ያህል ይለፍ፣ ከታች ሰው ይያዘው። የሐረር መንገድ ቁልቁለትና ድንጋይ ስለሆነ መሰላሉን በጠጠር አስደግፎ መውጣት ከባድ አደጋ አለው።

የሸክላና የድሮ ሲሚንቶ ክዳን

ሸክላ ላይ ጣውላ ሳታነጥፉ አትውጡ። የሰው ክብደት መሃሉ ላይ ካረፈ ቀጭ ይላል። ግራጫ፣ ሞገድ ያለው የድሮ የሲሚንቶ ክዳን ካላችሁ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አትፈትጉት፣ አትሰንጥቁት፣ አትርገጡት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፣ ካንሰርም ያመጣል።

ሶሌታ ላይ ወደ ኋላ እየሄዱ መጥረግ

ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣሪያ፣ ሜዳ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። መጥረጊያውን እየጎተተ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጠርዙ ላይ ግንብ ከሌለ ጫፉን የሚያውቀው እግሩ አየር ሲረግጥ ነው። ሁሌም ፊታችሁን ወደ ጠርዙ አዙሩ፣ ከጠርዙ 2 ሜትር ላይ ገመድ ዘርጉና አትለፉት። የውሃ መውረጃውን በብረት አትውጉት፣ ቱቦው ይሰበርና ውሃው ግድግዳ ውስጥ ይገባል።

የጀጎልን የአፈር ጣሪያ በውሃ ማጠብ

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ግን ቤቶቹ የሰው መኖሪያ ናቸው፣ በየዓመቱ እንክብካቤ ይፈልጋሉ። የቀድሞው ጣሪያ እንጨት ተደርድሮበት፣ በላዩ አፈር ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ውሃ ማፍሰስ ጣሪያውን በገዛ እጅ ማፍረስ ነው። አካፋም አይሆንም፣ አቧራውን ሳይሆን ጣሪያውን ራሱን ይልጠዋል። በቀስታ፣ በለስላሳ መጥረጊያ ብቻ።

የበቀለ ሣር በደረቁ ሲነቀል አፈሩን ቁራሽ ቁራሽ አድርጎ ይዞ ይወጣል፣ ለዝናብ በር ይከፍታል። አፈሩ ትንሽ ረጠብ ሲል ትንንሹን ከሥሩ ንቀሉ፣ ቀዳዳውን በዚያው ዓይነት አፈር ሙሉና ጠቅጥቁት። ሥሩ ጠልቆ የገባውን ቁረጡትና ለሚያውቅ ግንበኛ አሳዩት። ሲሚንቶ ለስኖ መገላገል የሚል ምክር ብዙ እሰማለሁ። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል፣ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ቤት ውስጥ ሆናችሁ የጣሪያውን እንጨት ቀና ብላችሁ እዩት፤ ጠቆር ያለ እርጥብ ቦታ ካለ በከሰል ክበቡት፣ ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ ከክቡ አልፎ እንደሆነ ታውቃላችሁ።