ከጣውላ ወለል ሥር ውሃ ሲጠራቀም፦ እንግሊዝ አገር አሮጌ ቤት ለሚገቡ

እንግሊዝ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ የብዙ ቤቶች ምድር ቤት ወለል መሬት ላይ አያርፍም። ጣውላው በአግዳሚ እንጨቶች ላይ ይመታል፣ አግዳሚዎቹ በአጫጭር የጡብ ግንቦች ላይ ይቀመጣሉ፣ ከሥር ባዶ ቦታ ይቀራል። ከውጭ በግድግዳው ግርጌ የሚታዩት ባለ ቀዳዳ ጡቦች (ኤር ብሪክ ይባላሉ) ያንን ቦታ የሚያናፍሱ ናቸው። በብርድ ወራት ነፋስ ገባብን ብሎ በጨርቅ ወይም በጋዜጣ መወተፍ በጣም የተለመደ ነው። እባክዎ አይወትፏቸው፤ ብርዱን በወፍራም ምንጣፍ ይከላከሉ። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ እንጨቱ ይበሰብሳል።

ውሃ መኖሩን የሚጠቁመው የረጠበ አፈር ሽታ፣ ሲረግጡት ዝቅ የሚል ወለል፣ ያለ ምክንያት በየጠዋቱ የሚያልብ መስኮት ነው። ለማየት ብዙ ጊዜ የሚቀለው ደረጃ ሥር ባለው ቁም ሳጥን በኩል ነው፤ እዚያ ያለው ጣውላ አንዳንዴ አልተመታም። ተከራይ ከሆኑ ግን ያለ አከራዩ ፈቃድ የተመታ ጣውላ አያንሱ። ከሥር የኤሌክትሪክ ሽቦና የጋዝ ቧንቧ ሊኖር ስለሚችል ውሃው ውስጥ እጅዎን አይክተቱ።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ውሃው ከየት መጣ ነው። ይህ ሳይመለስ ፓምፕ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዛሬ የተቀዳው በሳምንቱ ይመለሳል።

ከንጹሕ ውሃው ይጀምሩ። ቆጣሪው ብዙ ጊዜ ደጅ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ባለ ትንሽ ክዳን ሥር ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ይዝጉ፣ ልብስ ማጠቢያው እንዳይሠራ ያድርጉ፣ ቁጥሩን ፎቶ አንስተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመልከቱ። ቁጥሩ ከጨመረ ዋናውን መዝጊያ (አብዛኛውን ጊዜ ከኩሽና ሲንክ ሥር ነው) ዘግተው ይድገሙት። አሁንም ከጨመረ የሚያፈሰው ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ያለው የመሬት ውስጥ ቧንቧ ነው፤ ከቆመ ፍሰቱ ከመዝጊያው ወዲህ ነው። በግቢው ክልል ውስጥ ያለው ቧንቧ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት በተሠራ ቤት ቧንቧው እርሳስ ሊሆን ስለሚችል ከመጠገን መለወጡ ይሻላል። ቆጣሪ ከሌለ የውሃ ድርጅቱን ፍሰት እንዲፈትሽ ይጠይቁ።

የማሞቂያው ቧንቧም በወለሉ ሥር ያልፋል። ቦይለሩ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር መሆን አለበት፤ በየጊዜው እየወረደ ውሃ መሙላት ካስፈለገ ጥርጣሬው እዚያ ነው።

ውሃው ከሸተተ ወይም ሳሙና ካለበት የፍሳሽ መስመሩ ነው። የድሮው የሸክላ ቱቦ በመገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። የቧንቧ ሠራተኛ ቀለም ሽንት ቤት ውስጥ ለቆ ከወለሉ ሥር ብቅ ማለቱን ያያል፣ ወይም ካሜራ ያስገባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ኦክቶበር ወዲህ ከጎረቤት ጋር የጋራ የሆነውና ከግቢ ክልል ውጭ ያለው ቱቦ የፍሳሽ ድርጅቱ ነው፤ ለዚያ እንዳይከፍሉ።

የቀረው ዝናብ ነው። ከሥር ባለው ጡብ ላይ የውሃውን ከፍታ በጠመኔ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉ። ዝናብ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ከፍ ካለ የተሰበረ አሸንዳ ወይም የተደፈነ ማፍሰሻ ይፈልጉ፤ ከቀናት በኋላ ቀስ ብሎ ከፍ ካለ የከርሰ ምድር ውሃ ሳይሆን አይቀርም።

ተከራይ ከሆኑ ጥገናው የእርስዎ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 የቤቱን አካል፣ አሸንዳውን፣ ቧንቧውንና ፍሳሹን አከራዩ እንዲጠግን ያስገድዳል። በስልክ መንገር አይበቃም፤ ፎቶና ቀን ያለበት ኢሜይል ይላኩ። ካልተሠራ የካውንስሉን የአካባቢ ጤና ክፍል ይጥሩ። ቤቱ የካውንስል ወይም የሃውሲንግ አሶሲየሽን (ለትርፍ ያልቆመ ቤት አከራይ ድርጅት) ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 ኦክቶበር 27 ጀምሮ የአዋብ ሕግ (በሻጋታ ምክንያት በሞተው ሕፃን በአዋብ ኢሻክ ስም የተሰየመው) አስቸኳይ አደጋን በ24 ሰዓት፣ ከባድ እርጥበትና ሻጋታን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመረምሩ ያዛል። ተናደው ኪራይ እንዳያቆሙ፤ ያ ለአከራዩ ማስወጫ ምክንያት ይሰጠዋል።

ቤቱ የራስዎ ከሆነ ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ውሃው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ይወጣል። በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ቤት ውስጥ በፍጹም አይነሳ፤ ጭሱ ይገድላል። የከርሰ ምድር ውሃ ከሆነ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የተበሳሳ ባልዲ ይቀበርና ዙሪያው ጠጠር ይሞላል፤ ውስጡ ራሱ የሚነሳና የሚቆም ባለ ተንሳፋፊ ፓምፕ ይቀመጣል። ከግድግዳ አጠገብ ግን አይቆፈርም፤ የድሮ ቤት መሠረት ጥልቀት የለውም።

ከዚያ ማናፈስ ነው። የእንግሊዝ የሕንፃ መመሪያ ለአዲስ ወለል በእያንዳንዱ ሜትር ግድግዳ 1500 ካሬ ሚሊ ሜትር ክፍት ቀዳዳ ይጠይቃል፤ ለአሮጌውም መለኪያ ይሁንዎት። በኋላ የተቀጠለ ኩሽና የጀርባውን ኤር ብሪክ ዘግቶት ከሆነ ከአዲሱ ወለል ሥር ቱቦ ማሳለፍ ግድ ነው። አፈሩ ላይ ፕላስቲክ የሚነጠፈው ውሃው ካለቀ በኋላ ብቻ ነው።

አገር ቤት ለእንጨት የሚፈራው ምስጥ ነው፤ እዚህ እንጨቱን የሚበላው ፈንገስ ነው፣ እሱም ያለ እርጥበት አያድግም። በእርጥበት መለኪያ አግዳሚው ከ20 በመቶ በላይ ካሳየ ገና አልደረቀም። በተለይ ጫፉ፣ ግድግዳው ውስጥ የገባው፣ በጩቤ ሲወጉት ከገባለት ያ ክፍል ተቆርጦ ይለወጣል። መድረቁ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ላሚኔት ወይም ፕላስቲክ ወለል አያንጥፉበት።