ቆላ ሲወርድ የማይቀልጥ ቅባት፦ ኤቲል ሴሉሎስን እንዴት እንጠቀምበት?

የኮኮናት ዘይት የበዛበት የከንፈር ቅባት ደብረ ብርሃን ላይ ድንጋይ ነው፤ በጥፍር ካልተፋቀ አይወጣም። ያንኑ ይዛችሁ ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ቦርሳችሁን ዘይት አድርጎ ይጠብቃችኋል። ለዚህ ኤቲል ሴሉሎስ የሚባል ነጭ ዱቄት አለ። ከእንጨት ወይም ከጥጥ ሴሉሎስ በኬሚካል ተለውጦ የሚሠራ ነው። በጣም በጋለ ዘይት ይሟሟል፣ ሲበርድ ደግሞ ዘይቱን ይዞ ይረጋል።

ስትገዙ ለመዋቢያ ወይም ለምግብ የተመረተውን ጠይቁ። ለማተሚያ ቀለም የሚሸጥም አለ፣ እሱን ከንፈር አታስነኩት። ሲኤምሲ ከሚባለው፣ ውሃ ውስጥ ከሚሟሟው ሌላ የሴሉሎስ ዱቄት ጋርም እንዳይምታታባችሁ ቁንጥር ዱቄት ውሃ ውስጥ ጣል አድርጉ። እንደ ተልባ ካዝለገለገ ሌላ ነገር ነው የሸጡላችሁ፤ ኤቲል ሴሉሎስ ውሃ ውስጥ አይሟሟም።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ሙቀቱ ግን ቀልድ አይደለም። 92 ግራም የተጣራ የኑግ ዘይት፣ 8 ግራም ዱቄት። ዱቄቱን በቀዝቃዛው ዘይት በትኑና እያማሰላችሁ እስከ 140 ወይም 150 ዲግሪ አሙቁት። በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጦ ማቅለጥ እዚህ አይሠራም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ራሱ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ዱቄቱ ደግሞ ከ130 በታች ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ወፈር ያለ ደረቅ ድስት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ከሰል ይቅርባችሁ፣ እሳቱን መቆጣጠር አትችሉም። ጠብታ ውሃ ከገባ ዘይቱ ይፈነጥቃል፤ ልጆችን አርቁ።

መጀመሪያ ድፍርስ ነው፣ ነጭ እንክብሎች ይዋኙበታል። ቀስ በቀስ እየጠራና እየከበደ ማማሰያውን መሳብ ሲጀምር ደርሷል። ሳይቀዘቅዝ በቆርቆሮ ዕቃ ገልብጡት፣ ስስ ፕላስቲክ ይጣመማል። ከረጋ በኋላ እህል እህል ካለ ሙቀቱ አልበቃውም ማለት ነው፣ መልሳችሁ አሙቁት። በጣም ከጠነከረ ዱቄቱን ወደ 6 ግራም አውርዱ። የተልባ ዘይት የበለጠ ያጠነክረዋል፣ ግን ቶሎ ይሻግታል፤ እኔ ኑጉን እመርጣለሁ። ፀጉር ላይም ይሆናል፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ቅቤ አንገት ላይ አይወርድም።

ፋብሪካዎች ውሃ የማያስለቅቀው ሊፕስቲክና የፀሐይ መከላከያ ውስጥ የሚከቱትም ለዚሁ ነው፣ ቆዳ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ምግብ ላይ ቫይታሚንና ጣዕም ይሸፍኑበታል። ዘይትን አርግቶ ቋሊማ ውስጥ በጮማ ፋንታ መጠቀምም ተሞክሯል። ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ እንደገባ ይወጣል። ማሸጊያ ላይ ኢ462 የሚል ካያችሁ እሱ ነው። የቤቱን ግን ለቆዳና ለፀጉር ብቻ አድርጉት፤ ለገበያ ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቁ።