ዋርድ ላይ የነርሶች ሐሳብ እንዳይቀበር፦ ለሄድ ነርሶችና ለማትሮኖች

አንዲት ነርስ በጠዋት ርክክብ ላይ «ሲስተር፣ አንድ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ለመትከል ሦስት ጊዜ እቃ ክፍል እንመላለሳለን፤ ሁሉንም በአንድ ትሪ አዘጋጅተን ብናስቀምጥስ?» ብትል፣ የሐሳቡ ዕጣ የሚወሰነው በቀጣዩ ግማሽ ደቂቃ ነው። ሄድ ነርሷ፣ ማለትም የዋርዱ (የተኝቶ ማከሚያ ክፍሉ) ነርሶች ኃላፊ፣ «ድሮም እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ደግሞ በጀት የለም» ካለች የጠያቂዋም፣ አጠገቧ የቆሙትም አፍ ይዘጋል። «የትኛው ሽፍት ላይ ይብሳል? እስቲ ነገ በአንድ ክፍል እንሞክረው» ካለች ደግሞ በሳምንቱ ሌላ ነርስ ሌላ ሐሳብ ይዛ ትመጣለች።

የአመራር ዘይቤ ሲባል ብዙዎች የተፈጥሮ ጠባይ ይመስላቸዋል። ዋርድ ላይ ግን የሚታየው በየዕለቱ በሚደረጉ ጥቂት ነገሮች ስለሆነ መማር ይቻላል። የአመራር ተመራማሪው በርናርድ ባስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሰፋ አድርጎ ያብራራቸው ሁለት ዘይቤዎች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። አንደኛው በልውውጥ መምራት ነው፦ የታዘዘውን የሠራ ይመሰገናል፣ ያጎደለ ይጠየቃል። ሁለተኛው ለውጥ አምጪ የሚባለው ነው፦ የሥራውን ዓላማ ማሳየት፣ የተለመደውን እንዲጠይቁ ማደፋፈር፣ እያንዳንዱን ባለሙያ ለይቶ ማወቅ። ዋርድ ሁለቱንም ይፈልጋል። የመድኃኒት ሰዓት፣ የእጅ ንጽሕና፣ የድንገተኛ ትሮሊ ፍተሻ ድርድር የለባቸውም። አዲስ አሠራር የሚፈልቀው ግን ከሁለተኛው ነው። ከሁለቱም የራቀ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ መሪው ቢሮ ተቀምጦ «እናንተው ጨርሱት» የሚልበት። ይህን ነፃነት መስጠት ነው ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው። ሐሳቡን የሚቀበል፣ እቃውን የሚያስፈቅድ፣ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገር ሰው በሌለበት ነርሷ ሁለቴ ሞክራ ትተወዋለች።

የታካሚ ልብ ሲቆም ማማከር የለም። «አንቺ ደረት ጫኚ፣ አንተ መስመር ክፈት፣ አንቺ ሰዓት ያዢ» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ያው መሪ ነገሩ ካለፈ በኋላ ቡድኑን ሰብስቦ «ምን አስቸገረን?» ብሎ ይጠይቅ። ብዙ ጥሩ ሄድ ነርሶች የሚሳሳቱት የድንገተኛውን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይዘውት ሲውሉ ነው።

ስህተት ሲነገርዎ

ሐሳብ የሚመጣው ስህተትን መናገር በማያስፈራበት ቦታ ነው። የሥራ ቡድኖችን የምታጠናው ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታል ክፍሎች የመድኃኒት ስህተትን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት፦ መሪዎቻቸው ለመነጋገር ክፍት በሆኑባቸው ክፍሎች የታወቀው ስህተት ይበዛ ነበር። ያስተዋለችው ምክንያት፣ በእነዚያ ክፍሎች ነርሶቹ ስህተትን ሳይደብቁ መናገራቸው ነው። ስለዚህ አሠራርዎን ሲቀይሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሪፖርት ቁጥር ከፍ ሊል እንደሚችል ለማትሮኗ (ለሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ) ወይም ለሜዲካል ዳይሬክተሩ አስቀድመው ይንገሩ። ያለዚያ ዋርድዎ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ነርስ ስህተት ሲነግርዎ መጀመሪያ «ታካሚው እንዴት ነው?»፣ ቀጥሎ «ምን ሆነ?» ይበሉ። «ማን ነው?» የሚለው መጨረሻ ይምጣ። ለምሳሌ መድኃኒት መስጫ ቅጹ ላይ 6 ተብሎ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ማለት ነው። አዲስ የተመደበ ነርስ በእኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓት ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ አንቲባዮቲኩ ስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። «ማን ነው?» ብለው ከጀመሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይወጣል፣ ቅጹ ግን እንዳለ ይቆያል። «ምን ሆነ?» ካሉ ከነርሶቹ አንዱ በቅጹ ራስጌ ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን እንድንጽፍ ያቀርባል፦ 6 (ጠዋት 12)፣ 14 (ቀን 8)፣ 22 (ማታ 4)። ወጪው አንድ እስክሪብቶ ነው።

ሐሳብ መሰብሰብ

«አዲስ ሐሳብ ያለው?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም ዝም ይላል። ርክክቡ ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ይዘው «በዚህ ሽፍት ምን አመላለሳችሁ? ምን ፈልጋችሁ አጣችሁ?» ይበሉ። ከታናሹ ይጀምሩ። በእኛ ልማድ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ ቃል ለመጨመር ይከብደዋል፤ እርስዎ አስተያየትዎን ቀድመው ከሰጡማ ነገሩ አለቀ። የአዳር ተረኞች ደክሟቸው ስለሚወጡ ነርስ ስቴሽኑ ላይ ደብተር ይኑር፤ ቀን፣ ችግሩ፣ የሐሳቡ ባለቤት ስም፣ የተሰጠው መልስ ይጻፍበት። በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ያልተጻፈበት መስመር መኖር የለበትም። «አይሆንም» ምክንያቱ ከተጻፈ መልስ ነው። ሰዎች የሚያቆሙት ሲከለከሉ ሳይሆን ዝም ሲባሉ ነው።

ሙከራው

ካይዘን (በትንንሽ ለውጦች ሥራን ሳያቋርጡ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) የሠለጠነ ሰው ዑደቱን ያውቀዋል፦ አቅድ፣ ሥራ፣ ፈትሽ፣ አስተካክል። ችግሩ «አቅድ» ላይ ወር መቆየታችን ነው። የካኑላውን ትሪ እንውሰድ።

በመጀመሪያ ምንም ሳይቀየር አሥር የካኑላ ተከላ ይቁጠሩ፤ ነርሷ ስንት ጊዜ እቃ ክፍል ሄደች፣ ከተነሳች እስከ መስመሩ መከፈት ስንት ደቂቃ ፈጀ። ይህ ካልተለካ በኋላ «ተሻሽሏል» የሚለው ነገር ወሬ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ አንድ ክፍል፣ የቀን ሽፍት ብቻ፣ ሦስት ቀን። ትሪው ላይ 18፣ 20 እና 22 ቁጥር ካኑላ ሁለት ሁለት፣ ቱርኒኬ (ክንድ ማሰሪያ)፣ አልኮል ጥጥ፣ ጓንት፣ ፕላስተር፣ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይቀመጥ። ሐሳቡን ያመጣችው ነርስ ትምራው፤ እርስዎ ከመጋዘን እቃ ያስወጡላት። ተመልሰው አሥር ተከላ ይቁጠሩ።

ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ትሪው በሁለተኛው ቀን ባዶ ይገኛል፤ የሚሞላው ሰው በስም ስላልተመደበ ነው። ርክክብ ላይ «ትሪ ተሞልቷል» ብሎ መፈረም ይፈታዋል። ሁለተኛ፣ የተጠቀሙበት መርፌ ትሪው ላይ ይጣላል። ይህ ሙከራውን ወዲያው የሚያስቆም አደጋ ነው፤ ሴፍቲ ቦክሱ (የመርፌ መጣያ ሣጥኑ) እጅ በሚደርስበት ከትሪው ጎን ይሁን። ሦስተኛ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ፕላስተር አስቀድሞ እየተቆረጠ ትሪው ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ከጠርዙ ያነሳውን ጀርም ይዞ ካኑላው የገባበት ቦታ ላይ ያርፋል።

ባንድ ጊዜ ከአንድ ለውጥ በላይ አይሞክሩ፤ ምን እንደሠራ አይታወቅም። የመድኃኒት መጠን፣ የስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) አሠራር፣ የታካሚ ማንነት ማረጋገጫና ደም መስጠት በዋርድ ደረጃ ፈጽሞ አይሞከሩም። እነዚህን የሚነካ ሐሳብ ሲመጣ ከባለቤቱ ጋር ሆነው ለፋርማሲው፣ ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ወይም ለጥራት ክፍሉ ያቅርቡት።

የድካሙ ጉዳይ

ብዙ ታካሚ ለብቻዋ የያዘች ነርስ ላይ «ፈጠራ» ብሎ አዲስ ቅጽ መጨመር ግፍ ነው። አንድ ነገር ሲጨምሩ አንድ ነገር ይቀንሱ። ሁለት ሬጅስትር ላይ የሚገለበጥ መረጃ ካለ አንደኛው መቅረት ይችል እንደሆነ ከጥራት ክፍሉ ጋር ይነጋገሩ። ሙከራው ላይ ያለችውን ነርስ ለሦስቱ ቀናት ከአንድ ተጨማሪ ሥራ ያሳርፏት፤ ገንዘብ መስጠት ባይችሉም ይህን መስጠት ይችላሉ።

ስሟን አይውሰዱባት። ሪፖርቱ ለማኔጅመንት ሲቀርብ ራሷ ታቅርበው፤ እርስዎ ከጎኗ ይቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጥራት ትብብር ሆስፒታሎች የተሳካላቸውን ከሌላው ጋር የሚለዋወጡበት መድረክ ነው፤ የእርስዎ ዋርድ ሥራ እዚያ የሚደርስ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የሐሳቡ ባለቤት ስም መጀመሪያ ይስፈር።

ሄድ ነርስ ሲቀየር ደግሞ አብዛኛው ለውጥ በወሩ ይጠፋል። ዋርዱን ሲያስረክቡ ከእቃው ዝርዝር ጋር ደብተሩንም ያስረክቡ፤ በመካሄድ ላይ ያለውን ሙከራ፣ መልስ የሚጠብቁትን ሐሳቦችና የባለቤቶቹን ስም ለተተኪዎ አንድ በአንድ ያንብቡላት፣ ነርሶቹም እዚያው ይገኙ።