ቃሪያ የለበለበው እጅ፦ ችግርና መፍትሄ

ጾም ሲገባ ቤት ሙሉ ሰው ስንግ ቃሪያ ያምረዋል፣ ሰንጥቆ ፍሬውን የሚያወጣው ግን ሁሌ አንድ ሰው ነው። አራት ኪሎ ጉልት ላይ በመደብ የሚሸጠው ቃሪያ ደሞ ዕጣ ነው፣ አንዱ ሳር ሳር ይላል ከዛው መደብ ሌላው እሳት ይሆናል።

ችግር፦ ስትሰነጥቁ ምንም አልነበረም፣ ቆይቶ ግን ጣታችሁ በተለይ ጥፍር ስር መለብለብ ጀመረ።

ምክንያቱ ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ነው፣ ቆዳ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚገባ አንዳንዴ ሰዓት አልፎት ነው የሚነሳው። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ነው ይላል፣ ዋናው ያለው ግን ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ ነገር ላይ ነው፣ ፍሬው ከሱ ጋር ተነካክቶ ነው የሚያቃጥለው። ስንግ ስንሰራ ደሞ እሱኑ ነጩን በአውራ ጣት ጥፍር ፍቀን ነው የምናወጣው፣ እና ጥፍር ስር ቢቀር ምን ይገርማል።

መፍትሄ፦ ወደ ቧንቧ አትሩጡ። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ በዘይትና በአልኮል ነው የሚሟሟው። እጃችሁ ደረቅ እያለ ትንሽ የምግብ ዘይት አፍስሱና እሹት፣ በጣቶች መሀል፣ ጥፍር ዙሪያ፣ ጥፍር ስር፣ ሳትቸኩሉ። ከዛ በሶፍት ጥርግ አድርጉና ሶፍቱን ጣሉት፣ ዘይቱ ካልተጠረገ ያሟሟውን ይዞ እዛው ስለሚቀር ትርፉ ማዳረስ ነው። ቀጥሎ ላርጎ ደረቅ እጅ ላይ አድርጋችሁ አሽታችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። ካልበቃ ድገሙት፣ አንዴ በቂ የሚሆነው ዕድለኛ ስትሆኑ ነው። ውሃ የጠፋበት ቀን ከሆነ ዘይትና ሶፍቱን ሁለት ሶስት ጊዜ ደጋግሙና በሳኒታይዘር ጨርሱት፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ግን ሳኒታይዘሩን ተዉት።

ችግር፦ ታጠብኩ ታጠብኩ፣ ጭራሽ ባሰብኝ።

በሙቅ ውሃ ነው አይደል? ካፕሳይሲን የሚነካው ነርቭ ላይ ያለው ተቀባይ 43 ዲግሪ አካባቢ ያለ ሙቀት ሲነካን አቃጠለኝ የሚለው ራሱ ነው፣ ቃሪያ ሲነካው ደሞ ለብ ያለ ውሃም ፈላ ይመስለዋል። (ይሄን ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እንደ ፈረንጅ በ2021 ኖቤል ከሌላ ተመራማሪ ጋር ተካፍሏል።) ቆዳችሁ ተቃጥሎ ሳይሆን ነርቩ ተታሎ ነው ማለት ነው፣ ቢሆንም ህመሙ የውሸት አይደለም። ስለዚ ቀዝቃዛ ወተት ወይ እርጎ ውስጥ እጃችሁን ነክሩ፣ ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ይዞ ያወጣዋል፣ ጾም ነው ብላችሁ ደሞ አትስጉ የሚነከረው እጅ ነው። እሱ ከሌለ ቀዝቃዛ ውሃ ወይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያስታግሳል። የዛን ቀን ምጣድ አጠገብ አትቁሙ፣ እንጀራውን ሌላ ሰው ይጋግር።

በረኪና የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አትስሟቸው፣ የተቆጣ ቆዳ ላይ በረኪና ሌላ ቃጠሎ መጨመር ነው። ውሃ ከቋጠረ ወይ በማግስቱም ካልቀነሰ ለሐኪም ይታይ።

ችግር፦ ረስታችሁ ዓይናችሁን አሻችሁት።

እዚህ ላይ ዘይት ወተት ምናምን የለም። በዛው እጅ መልሳችሁ አትንኩት፣ ቧንቧውን ሌላ ሰው ይክፈትላችሁና ንፁህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በላዩ ይውረድበት። ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ እጁን ታጥቦ የጨረሰ ሰው ያውጣላችሁ። ከዛ በኋላም ካልተሻለ ወይ ዕይታችሁ ከደበዘዘ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፣ ሂዱ።

ችግር፦ እጄ ዳነ፣ ልጁ ግን ማንጎ በልቶ አፌ ተቃጠለ አለ።

መክተፊያውና ቢላው ናቸው። እነሱንም መጀመሪያ በዘይት ከዛ በላርጎ እሹ፣ የእንጨት መክተፊያ ከሆነ ለቃሪያና ለሽንኩርት ብቻ ለዩት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ጓንት ካለ ጓንት፣ ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ፣ ነጩን ነገር ደሞ በጥፍር ሳይሆን በሻይ ማንኪያ ጫፍ ፍቃችሁ አውጡት። ጓንቱን ስታወልቁ ገልብጣችሁ አውልቁ፣ ውጪው ቆዳችሁን ከነካ ያው ነው።