ኮኦፕ ጌም ሚያበላሹ ስህተቶች፣ ብዙዎቹን ሚሰራው ደግሞ የግሩፑ ጎበዝ ነው

እኛ ሰፈር ጌም ማለት ፕሌይስቴሽን ቤት ሄዶ ፊፋ መግጠም ነው፣ የተሸነፈ ይነሳል ያሸነፈ ይቀመጣል፣ ከኋላ ቆሞ ተራውን ሚጠብቅ አለ። እንደዛ ያደገ ሰው ኮኦፕ ሲጀምር፣ ማለትም ጓደኛውን መግጠም ትቶ ከጓደኛው ጋር አንድ ቲም ሆኖ ጌሙን ሲገጥም፣ ያንን የፉክክር ስሜት ይዞት ይገባል። ከዛ በሁለተኛው ቀን አንዱ "ደክሞኛል ዛሬ አልገባም" ይላል፣ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ይረሳዋል። ብዙ ሰው ጌሙ ስለከበደ ነው ይላል፣ እኔ አይመስለኝም። ሰው ኮኦፕ ሚተወው አብሮት ያለው ሰው ስላላጫወተው ነው፣ አላጫውት ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰው ሳይሆን ከሁሉም በላይ ጌም ሚችለው ልጅ ነው። ስለዚ በተለይ ጎበዝ ነን ምትሉ አንብቡልኝ።

ጆይስቲክ መቀማት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ነው ሚመጣው። ኢት ቴክስ ቱን እንውሰድ፣ ሄዝላይት ሚባለው የስዊድን ስቱዲዮ በ2021 ያወጣው፣ የዛን ዓመት በጌም አዋርድስ ምርጥ ጌም ተብሎ የተሸለመው። ይሄ ጌም ለብቻ አይጫወቱትም፣ ሁለት ሰው ከሌለ አይጀምርም። ሁለቱ ተጫዋቾች ሚይዟቸው ገጸ ባህሪዎች ኮዲና ሜይ ናቸው፣ መጀመሪያ አካባቢ መጋዘኑ ውስጥ ለኮዲ ሚስማር ይሰጠዋል፣ ለሜይ ደግሞ የመዶሻ ራስ። ኮዲ ሚስማሩን ግድግዳው ላይ ይሰካል፣ ሜይ በመዶሻዋ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥላ ተወዛውዛ ትዘላለች። አሁን ታላቅ ወንድም ኮዲን ይዞ ታናሽ እህቱ ሜይን ይዛ አስቡት። ዘላ ትወድቃለች፣ ደግማ ትወድቃለች፣ ሦስተኛው ላይ "አምጪው ልለፍልሽ" ብሎ ጆይስቲኩን ይወስዳል። ያቺ ልጅ ጌሙ ለሷ ብሎ የሰራውን ቦታ ቁጭ ብላ አየች፣ ከዛ በኋላ ከባድ ቦታ በመጣ ቁጥር ራሷ ትሰጠዋለች፣ ከሳምንት በኋላ ስልኳን እየነካካች ነው ምትጫወተው። ሚገርመው እኮ እዚህ ጌም ላይ መውደቅ ምንም አያስከፍልም፣ አብዛኛው ቦታ ላይ ወዲያው እዛው ትመለሳላችሁ፣ ቦስ ፋይት (ከትልቁ ጠላት ጋር ሚደረገው ፍልሚያ) ላይ እንኳን ሁለታችሁም እኩል ካልሞታችሁ በቀር ትቀጥላላችሁ። ማንም ያላስቸኮለውን ሰው ለምን ታስቸኩሉታላችሁ? ሚስማሩን ሰክታችሁ "ተወዛወዢ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ አሁን!" በሏት፣ በአሥረኛው ሲሳካላት የምትጮኸውን ጩኸት ስሙ፣ ጌሙ የተሰራው ለዛች ደቂቃ ነው።

መፍትሄውን ቀድሞ መናገርም ያው ነው። ፖርታል 2 በ2011 ሲወጣ ለሁለት ሰው ብቻ የተሰራ የኮኦፕ ክፍል ነበረው፣ አትላስና ፒ-ቦዲ ሚባሉ ሁለት ሮቦቶች ሆናችሁ፣ ፖርታል ሚባል መተላለፊያ እየከፈታችሁ እንቆቅልሽ ትፈታላችሁ። አንዱ ቀድሞ ጨርሶት ከሆነ እና እየመራ "እዚህ ፖርታል ክፈት፣ እዛ ቁም፣ ዝለል" ካለ፣ ሌላው ምንም አልተጫወተም። ጨርሳችሁት ከነበረ አፋችሁን ያዙ፣ በቃ። ሲጠይቃችሁ ብቻ ትንሽ ፍንጭ ስጡት።

ጥሎ መሮጥ

አራት ሆናችሁ ዞምቢ ምትዋጉበት ሌፍት ፎር ዴድ 2 ላይ በደንብ ይታያል። ሀንተር፣ ስሞከር፣ ጆኪ፣ ቻርጀር ሚባሉት ልዩ ዞምቢዎች አንዴ ከያዟችሁ ራሳችሁን ማስለቀቅ አትችሉም፣ ሚያስለቅቃችሁ ጓደኛ ነው። ማለትም ጌሙ የተሰራው ብቻውን የሄደ ሰው እንዲያዝ ተደርጎ ነው። ግን ጎበዙ ልጅ ካርታውን በቃሉ ስለሚያውቅ ሦስቱን ጥሎ ይሮጣል፣ ሁለት ክፍል አልፎ ስሞከር በምላሱ ይጎትተዋል፣ ከዛ "የት ናችሁ፣ ለምን አታድኑኝም" ብሎ ይጮሃል። እነሱ ደግሞ እሱን ሊያድኑ ሲሮጡ የዞምቢ መንጋ መሀል ይገባሉ። ሁለት ጊዜ ወድቃችሁ ከተነሳችሁ እና መሀል ላይ በሜድኪት (የህክምና ቦርሳ) ካልታከማችሁ ሦስተኛው ላይ ሞት ነው፣ ስለዚ ያ ሩጫ የሁሉንም እድሜ ነው ሚበላው። ከፊት መሄድ ምትወዱ ከሆነ ሂዱ፣ ግን በር ላይ ደርሳችሁ ዞር ብላችሁ የሦስቱንም ስም እዩ። ሜድኪትና ክኒን ደብቆ መያዝም እንደዛው ነው፣ በአንድ ምት ሚወድቅ ጓደኛ አጠገባችሁ እያለ ክኒኑ ኪሳችሁ ውስጥ ምን ይሰራል።

የራስን ስራ አለማወቅ

ዲፕ ሮክ ጋላክቲክን ለማያውቅ፣ አራት ድንክ ማዕድን ቆፋሪዎች ዋሻ ውስጥ ምትሆኑበት ጌም ነው፣ ከ2018 ጀምሮ ገና ሳያልቅ ሲሸጥ ቆይቶ በ2020 ሙሉው ወጣ። ስካውት፣ ኢንጂነር፣ ገነር እና ድሪለር ሚባሉ አራት ክላሶች፣ ማለትም የስራ ድርሻዎች፣ አሉ፣ አራታችሁም ስካውት እንሁን ብትሉ ጌሙ አይከለክላችሁም። ብዙ ሰው ግን ክላሱን ሚመርጠው በመሳሪያው ነው፣ ስራው ምን እንደሆነ አያይም። እስቲ ይሄን እዩት፤ ዋሻው ጣራ ላይ ማዕድን ያበራል። ስካውቱ በመንጠቆው ተስቦ ይደርሳል ግን ሚቆምበት የለውም፣ ተንሸራቶ ይወድቃል። ኢንጂነሩ ከታች ሆኖ ማዕድኑ ስር የፕላትፎርም ጥይት ይተኩሳል፣ ግድግዳው ላይ መቆሚያ ይበቅላል፣ ስካውቱ ተስቦ እሱ ላይ ቆሞ ተረጋግቶ ይቆፍራል። ሁለቱም አንድ ቃል አልተነጋገሩም፣ ስካውቱ ማዕድኑን በሌዘሩ አመልክቶ ነበር፣ ኢንጂነሩ አየ፣ በቃ። እኔ ኮኦፕ ውስጥ ከዚህ ሚበልጥ ደስታ አላውቅም። ኢንጂነሩ ግን ፕላትፎርሙን ረስቶ ጠላቶቹ ጥንዚዛዎች ላይ ሲተኩስ ከዋለ ስካውቱ ጣራ ጣራውን ሲያይ ይውላል።

እዛው ጌም ላይ ሌላ ሚያናድድ ነገር አለ። ጥይት ሲያልቅ ሪሰፕላይ ሚባል የጥይት ሳጥን ይጠራል፣ ከዋሻው ሚቆፈር ናይትራ ሚባል ማዕድን 80 ያስከፍላል፣ ናይትራው ደግሞ የሁላችሁም ላብ ነው። ሚመጣው ሳጥን ላይ አራት ድርሻ አለ፣ ለአራት ሰው። ቀድሞ የደረሰው ሁለት ከወሰደ አራተኛው ባዶ መሳሪያ ይዞ ይቀራል። ካስፈለጋችሁ ጠይቁ፣ ሙሉ የሆነ ሰው ይሰጣችኋል። ሚሽኑ ሲያልቅ ደግሞ የመመለሻውን ፖድ (ከዋሻው ሚያወጣችሁን መንኮራኩር) ሚጠራውን ቁልፍ ሳትጠይቁ አትጫኑ፣ ከተጫነ በኋላ ሰዓት ይቆጥራል፣ አንዱ ገና የዋሻው ጥግ እየቆፈረ ሊሆን ይችላል።

ሳይናገሩ መወርወር

በቡድን ሆናችሁ ጠላት ምትዋጉበት ሄልዳይቨርስ 2 ላይ የራሳችሁ ጥይት ጓደኛችሁን ይገድላል፣ ማጥፊያ ሴቲንግ የለውም፣ ሆን ተብሎ ነው እንደዛ የተሰራው። አራት ሆናችሁ ስትገቡ የሞተ ሰው ሚመለስበት የጋራ 20 እድል ነው ያላችሁ፣ አንዱ በኤርስትራይክ (ከሰማይ በሚጣል ቦምብ) ሦስት ጓደኛ በአንዴ ከጨረሰ ከዛ ላይ ሦስት ተቀነሰ። እና ከመወርወራችሁ በፊት "ድልድዩ ላይ ጣልኩ፣ ውጡ" በሉ፣ ሁለት ሰከንድ አይወስድም። ስትገድሉም ይቅርታ በሉና መልሳችሁ ጥሩት፣ ለምን እዛ ቆምክ ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ማን ብዙ ገደለ ብሎ መፎካከርም እዚህ ትርጉም የለውም፣ ሳምፕል (ሚለቀመው ናሙና) ማንም ይሰብስበው ማን ይዛችሁ ከወጣችሁ ለሁሉም እኩል ነው ሚደርሰው።

ማይክ ላይ ሁሉን ማዘዝ

ኦቨርኩክድን የሞከረ ሰው ያውቀዋል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ትዕዛዝ እየመጣ ሰዓት እየሮጠ ትከትፋላችሁ ታበስላላችሁ ታቀርባላችሁ። ሁልጊዜ አንድ አለቃ ይነሳል፣ "አንተ ሽንኩርት፣ አንቺ ሳህን፣ ኧረ ቶሎ" እያለ ራሱ ቆሞ ሾርባው ይቃጠላል። ሌሎቹ ደግሞ ትዕዛዝ መጠበቅ ይለምዱና እሱ ዝም ካለ ይቆማሉ። ሚሰራው የንግግር ዓይነት ሌላ ነው፣ ሰው ላይ ከመጮህ የራሳችሁን መናገር፤ "ሽንኩርት ይዣለሁ"፣ "ድስት አንድ ደርሷል"፣ "ንጹህ ሳህን የለም"። ይሄን የሰማ ሰው ምን እንደጎደለ ራሱ ያያል። የሳህኑን ነገር በተለይ ያነሳሁት ሁሉም መክተፍ ስለሚወድ ሳህን ሚያጥብ ስለሚጠፋ ነው፣ ምግቡ ደርሶ ማቅረቢያ አጥቶ ድስቱ እሳት ይይዛል። ከመጀመራችሁ በፊት ሳህን የማን እንደሆነ ተነጋገሩ።

ሆስቱን ሳያስቡ መምረጥ

ይሄ ለኛ ሀገር ተጫዋች ከባድ ነው። ስታርዱ ቫሊ፣ ቫልሄይም፣ ማይንክራፍት ላይ፣ የግል ሰርቨር ካልተከራያችሁ በቀር አብራችሁ የሰራችሁት ዓለም ሚቀመጠው ሆስት የሆነው፣ ማለትም ጌሙን ከፍቶ ሌሎቹን ሚያስገባው ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው። እሱ ከሌለ ማንም አይገባም፣ እሱ ጋ መብራት ከጠፋ ሁላችሁም ትወጣላችሁ። ስታርዱ ላይ ደግሞ ሴቭ ሚያደርገው ሁሉም ተጫዋች አልጋ ገብቶ ቀኑ ሲያልቅ ብቻ ነው፣ ጌሙ ውስጥ ከሰዓት ሆኖ መብራት ከሄደ የዛን ቀን ሥራ በሙሉ ከጠዋት ትጀምሩታላችሁ። ስለዚ ሆስት ሚሆነው ጌሙን ያመጣው ወይም ጎበዙ ሳይሆን መብራቱና ኢንተርኔቱ ሚሻለው ነው፣ ላፕቶፕ ባትሪው ሚይዝለት ካለ እሱ ይሁን። የቫልሄይምና የማይንክራፍት ፋይሉንም አልፎ አልፎ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ስታርዱ ላይ ብሩ መጀመሪያ የጋራ ነው፣ የሁሉንም ብር ለአንድ ሰው ከብት ከማፍሰስ በፊት መጠየቅ ጥሩ ነው፣ ሆስቱ ከፈለገ ለየብቻ ማድረግም ይቻላል።

ሌላው ተኝቶ እያለ ዓለሙን መጨረስ

ወንድሙ ዲሲ እሱ አዲስ አበባ ሆነው አብረው ሚጫወቱ ብዙ አሉ፣ ደስ ሚል ነገር ነው፣ ስልክ ላይ ደህና ነህ ደህና ነኝ ተባብሎ ከመዝጋት አብሮ ቤት መስራት ይበልጣል። ግን አንዱ ተኝቶ ሌላው ለብቻው ገብቶ ቦሱን ገድሎ ብረቱን ሁሉ ሰብስቦ ቤቱን ጨርሶ ይጠብቀዋል። ሲነቃ ምን ይስራ? ለብቻ ስትገቡ እንጨት መሰብሰብ፣ እርሻ ማጠጣት፣ ሳጥን ማስተካከል ይበቃል፣ አዲስ ቦታና ቦስ አብራችሁ ስትሆኑ ይቆይ። ሰዓቱም ያጣላል። "ማታ 2 ሰዓት እንግባ" ስትሉ በሐበሻ ነው በፈረንጅ ብላችሁ አስረግጡ፣ ውጭ የቆየ ሰው በፈረንጁ ነው ሚያስበው። አዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት ማለት ዲሲ በበጋቸው ከቀኑ 1 ሰዓት በፈረንጅ ነው፣ ክረምት ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ እኩለ ቀን ይሆናል፣ እኛ ጋ ስለማይቀየር በኅዳር እና በመጋቢት አካባቢ ድጋሚ ተነጋገሩ።

ሳያጣሩ መግዛት

በአጭሩ፤ ኮኦፕ ይላል ብላችሁ ብቻ አትግዙ። ካፕሄድ ኮኦፕ አለው ግን አንድ ቤት ውስጥ ነው፣ ኦንላይን የለውም። ስቲም (የፒሲ ጌም መሸጫው) ላይ ከሆናችሁ ሪሞት ፕሌይ ቱጌዘር በሚለው ጓደኛን መጋበዝ ይቻላል፣ ካፕሄድ ግን በሰከንድ ሽራፊ መዝለል ሚፈልግ ጌም ስለሆነ ፒንጉ፣ ማለትም የኢንተርኔቱ መዘግየት፣ ከፍ ካለ አይሆንም። ኢት ቴክስ ቱ ላይ ፕሌይስቴሽን ያለው ፒሲ ካለው ጋር አይገናኝም፣ በ2025 የወጣው የዛው ስቱዲዮ ስፕሊት ፊክሽን ግን ያገናኛል። ሁለቱም ላይ አንዳችሁ ብቻ ነው ምትገዙት፣ ሌላው ፍሬንድስ ፓስ ሚባለውን በነጻ አውርዶ ይገባል፣ ይሄን ሳያውቁ ሁለት ጊዜ ሚከፍሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ከባዱን መምረጥ

ግዙፍ አውሬ ምታድኑበት ሞንስተር ሀንተር ወርልድ ላይ አብዛኛው አደን ቲሙ በድምሩ ሦስት ጊዜ ከወደቀ ያልቃል፣ ማን እንደወደቀ አይለይም። ጎበዙ ቀላሉ ይሰለቸኛል ብሎ ጀማሪውን ከባድ አደን ላይ ይዞት ይገባል፣ ጀማሪው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይወድቃል፣ ሁሉም ይወጣል፣ ያ ልጅ ሸክም እንደሆነ ተሰምቶት ያድራል። ደረጃውን ምትመርጡት በደካማው ልክ ነው። ቀላሉ ሚሰለቸው ሰው የማያውቀውን መሳሪያ ያንሳ፣ መዶሻ ለምዶ ከሆነ ቀስት ይሞክር፣ እሱም ጀማሪ ይሆንና እኩል ይማራሉ።